ሚዛኑን መመዘን፦ የአነስተኛ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ማጣቀሻዎች ሂሳዊ ቅኝት

መግቢያ

በነገረ መለኮት ኮሌጆቻችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ክርክር የማይነሣበት፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ክፍል የማጣቀሻ መጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ተማሪ የአንድን ምሁር መጽሐፍ ሲያነብ ይሞግታል፤ መምህሩም እንዲሞግት ያበረታታዋል። መዝገበ ቃላት፣ ኮንኮርዳንስ ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ ኢንሳይክሎፒዲያ ሲከፍት ግን የሚሄደው ለሙግት ሳይሆን መልስ ይዞ ለመመለስ ነው። ያገኘውን በማስታወሻው ላይ ይጽፋል፤ እሑድ በመድረክ ላይ ይናገረዋል። ስለዚህ በማጣቀሻ ውስጥ ያለ ስሕተት ማንም ሳይመረምረው ጉባኤው ዘንድ ይደርሳል።

ሕጉ በዘዳግም 25፥13–16 ነጋዴ በከረጢቱ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ እንዳይዝ ይከለክላል። ገዢው እህሉን ያያል እንጂ ድንጋዩን አይመዝንም፤ ኀላፊነቱ የተጣለው ሚዛኑን በያዘው ላይ ነው። ማጣቀሻ መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው፤ ተማሪው ሌላውን ሁሉ የሚመዝንባቸው ድንጋዮች ናቸውና።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት ነጥብ አንድ ነው፦ የአነስተኛ ኮሌጅ የማጣቀሻ ክፍል የሚለካው በመጻሕፍቱ ቁጥር ሳይሆን፣ ተማሪው ሳይሞግት የሚቀበላቸው መልሶች የሚታመኑ በመሆናቸው ነው። ይህ ከሆነ፣ ማጣቀሻን መመርመር፣ ማንሣትና መተካት ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ብቻ የሚተው የጽዳት ሥራ አይደለም፤ የመምህራንና የመጋቢዎችም አደራ ነው።

ያረጀ ምስክርና ያረጀ መሣሪያ

የብዙ አነስተኛ ኮሌጆች ማጣቀሻ የተሰበሰበው በስጦታ ነው። ጡረታ የወጣ የውጭ አገር መጋቢ መጻሕፍቱን ይለግሳል፤ ሌላ ኮሌጅ አዲስ እትም ሲገዛ አሮጌውን በካርቶን ይልካል። ለጋሹ በበጎ ልብ ይሰጣል፤ ተቀባዩም በምስጋና ይቀበላል። ውጤቱ ግን ማንም ያልመረጠው ስብስብ ነው። አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት በሦስት ቅጂ ይገኛል፤ የግሪክኛ መዝገበ ቃላት ግን የለም፤ የአንዱ ኢንሳይክሎፒዲያ ሁለተኛ ቅጽ ጠፍቷል።

በዚህ ስብስብ ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንድ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። የመጽሐፍ ዕድሜ ብቻውን ነቀፋ አይደለም። የዮሐንስ አፈወርቅ ስብከቶች፣ የአውግስጢኖስ፣ የሉተርና የካልቪን ማብራሪያዎች አያረጁም፤ በየዘመኑ ቤተ ክርስቲያን ቃሉን እንዴት እንደሰማች የሚናገሩ ምስክሮች ናቸውና። መዝገበ ቃላትና ኢንሳይክሎፒዲያ ግን መሣሪያዎች ናቸው። የተሠሩት በዘመናቸው የታወቀውን መረጃ ሰብስበው ለማቅረብ ነው፤ መረጃው ሲለወጥ መሣሪያው ይደንዛል። ምስክሩን ከመሣሪያው የማይለይ ቤተ መጻሕፍት ወይ ካልቪንን አርጅቷል ብሎ ይጥላል፣ ወይ የ1890ዎቹን መዝገበ ቃላት እንደ ቅርስ አክብሮ ከተማሪው እጅ ፊት ለፊት ያኖረዋል።

በአሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ያሰራጨውና በብዙ አገር የሚሠራበት የማጣሪያ መመሪያ ከመደርደሪያ የሚነሣን መጽሐፍ በስድስት ምልክቶች ይለያል፦ አሳሳች መሆኑ፣ በአካል መጎዳቱ፣ በተሻለ እትም መተካቱ፣ ፋይዳው ማነሱ፣ ለተጠቃሚው አለመስማማቱና በሌላ ስፍራ በቀላሉ መገኘቱ። ለሥነ መለኮት ማጣቀሻ ከእነዚህ ክብደት ያላቸው የመጀመሪያውና ሦስተኛው ናቸው። የቋንቋችን ቃል እዚህ ላይ ያግዘናል፤ «ማረም» ስንል ከማሳ አረም መንቀልንም፣ የተሳሳተ ጽሑፍ ማቅናትንም ማለታችን ነው። መደርደሪያን ማረም ሁለቱንም ነው።

የቃላት መሣሪያዎች

ከኮሌጆቻችን መደርደሪያ የማይጠፋው የጄምስ ስትሮንግ ኮንኮርዳንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው ይህ ሥራ በኪንግ ጄምስ ትርጉም ውስጥ የሚገኝን እያንዳንዱን ቃል በየጥቅሱ ይዘረዝራል፤ ለዕብራይስጡና ለግሪኩ ቃል ቁጥር ይሰጣል። ለተሠራበት ዓላማ ማለትም ጥቅስ ለማግኘትና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከየትኛው የዕብራይስጥ ወይም የግሪክ ቃል እንደመጣ ለማወቅ፣ ዛሬም ጠቃሚ ነው። ችግሩ ተማሪው ከኮንኮርዳንሱ ጀርባ ያለውን አጭር የቃላት ዝርዝር እንደ ሙሉ መዝገበ ቃላት መያዙ ነው። ዝርዝሩ የቃሉን ሥር ያሳያል፤ ኪንግ ጄምስ የተረጎመባቸውን ቃላትም ይደረድራል። በዚህ ዐውደ ንባብ ይህ ቃል ምን ማለት ነው ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሰጥም።

በአማርኛ የሚሰብክ አገልጋይ ደግሞ መንገዱ ይረዝምበታል። ከአማርኛው ጥቅስ ወደ እንግሊዝኛው፣ ከእንግሊዝኛው ወደ ቁጥሩ፣ ከቁጥሩ ወደ እንግሊዝኛ ፍቺ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አማርኛ ይሻገራል። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ትርጉም ይፈስሳል፤ በመጨረሻ የሚደርሰው ግን «በግሪኩ ቃሉ እንዲህ ማለት ነው» የሚል ጽኑ ዐረፍተ ነገር ነው።

ፍሬውን በመድረኮቻችን እንሰማዋለን። በሮሜ 1፥16 «ኀይል» የተባለው «ዱናሚስ» ድማሚት ማለት ነው ይባላል፤ ድማሚት የተፈለሰፈው ግን በ1860ዎቹ ነው፤ ጳውሎስም የሚያፈርስ ፍንዳታን ሳይሆን የሚያድን ኀይልን ነው የሚናገረው። «ኤክሌሲያ» ከሥሩ «ተጠርተው የወጡ» ማለት ነው ይባላል፤ ሉቃስ ግን በሐዋርያት ሥራ 19፥32 ይህንኑ ቃል በኤፌሶን ቲያትር ውስጥ ለሚጮኸው ለተደባለቀ ሕዝብ፣ በቁጥር 39 ደግሞ ለከተማይቱ ሕጋዊ ስብሰባ ይጠቀምበታል። «አጋፔ» መለኮታዊ፣ «ፊሊያ» ሰብዓዊ ፍቅር ነው ይባላል፤ ዮሐንስ ግን አብ ወልድን መውደዱን በ3፥35 በአንዱ፣ በ5፥20 በሌላው ግሥ ይገልጻል። ጳውሎስም ዴማስ የአሁኑን ዓለም መውደዱን የጻፈው በ«አጋፓኦ» ነው (2ጢሞ 4፥10)። ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናና ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የተሰበከው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የቆመበት መሠረት ግን ከቃሉ ያልወጣ ነው። እንዲህ ያለው ስብከት ምእመኑን አንድ ጎጂ ነገር ያስተምረዋል፦ የመጽሐፍ ቅዱስ እውነተኛ ትርጉም በእጁ ባለው አማርኛ ሳይሆን በማያነበው ቋንቋ ውስጥ ተሰውሯል።

ጄምስ ባር እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን ዓይነቱን የቃል አያያዝ በብርቱ ተችቷል፤ ትችቱ ታላቁን የኪትል የአዲስ ኪዳን ነገረ መለኮታዊ መዝገበ ቃላት ሳይቀር ነክቷል። ከወንጌላውያን ወገን ሞይሴስ ሲልቫና ዲ. ኤ. ካርሰን በ1980ዎቹ ትችቱን ለሰባኪዎች በሚሆን መንገድ አቅርበውታል። ኪትልን የያዘ ኮሌጅ የባርን ወይም የካርሰንን መጽሐፍ አጠገቡ ካላኖረ፣ መድኃኒቱን ያለ መመሪያ እንደመስጠት ነው።

የቴየር የግሪክኛ መዝገበ ቃላትም የራሱ ታሪክ አለው። የወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ፣ በግብፅ ኦክሲሪንከስ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የፓፒረስ ክምችት ተቆፍሮ ከመውጣቱ በፊት ነው። የተራ ሰዎች ደብዳቤ፣ ውልና ደረሰኝ የያዙት እነዚህ ፓፒረሶች፣ የአዲስ ኪዳን ብቻ ናቸው የተባሉ ብዙ ቃላት የገበያና የቤት ቃላት እንደነበሩ አሳይተዋል። አዶልፍ ዳይስማን ይህን ሲያስረዳ ቴየር ታትሞ አልቆ ነበር። ዛሬ ቦታውን የሚይዘው የባወር መዝገበ ቃላት ሦስተኛው የእንግሊዝኛ እትም (2000) ነው። በዳንከር የተዘጋጀው ይህ እትም አቻ ቃል ብቻ ከመደርደር አልፎ የቃሉን ፍቺ በሐረግ ያብራራል፤ ትርጉሙን በአማርኛ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በዕብራይስጥ በኩልም የብራውን፣ ድራይቨርና ብሪግስ መዝገበ ቃላት (1906) በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆንም፣ በ1929 ቁፋሮው የጀመረውን የኡጋሪት ጽሑፍ አያውቅም። የኮለርና ባውምጋርትነር መዝገበ ቃላት ያውቀዋል፤ ቃላቱንም በሥር ሳይሆን በፊደል ተራ ስለሚያስቀምጥ ለጀማሪ ይቀላል።

አራት የመፈተኛ ጥያቄዎች

የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላትንና ኢንሳይክሎፒዲያን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይቻልም፤ በጥቂት ርእሶች መፈተን ግን ይቻላል። ለእኛ አገር ኮሌጅ የሚከተሉት አራቱ ይበቃሉ።

አንደኛ፣ ስለ ሄኖክ ምን ይላል? መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው፤ የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14–15 ይጠቅሰዋል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥም ይገኛል። ከ1947 ጀምሮ በኩምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጽሑፎች መካከል የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ነበሩ፤ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። የኢስተን መዝገበ ቃላት (1897) እና የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ መደበኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ኢንሳይክሎፒዲያ (1915) ይህን ሊያውቁ አይችሉም። ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ጋር ስለ ቀኖና የሚነጋገር መጋቢ በእነዚህ ቢታጠቅ፣ የሚናገረው ጎረቤቱ ከሚያውቀው ያነሰ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ኩሽና ስለ ሐዋርያት ሥራ 8 ምን ይላል? ጥሩ ማጣቀሻ የብሉይ ኪዳን ኩሽ በዋነኛነት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የናይል ምድር እንደሚያመለክት፣ «ህንደኬ» የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን የሜሮዌ ንግሥቶች መጠሪያ እንደሆነ፣ ሜሮዌም በዛሬዋ ሱዳን እንደምትገኝ ያስረዳል። ይህን ማወቅ ከጃንደረባው ታሪክ ደስታችንን አይቀንስም፤ ስለ አገራችን የምንናገረውን በጥንቃቄ እንድንናገር ያደርገናል እንጂ።

ሦስተኛ፣ በዘፍጥረት 9 ላይ ምን ይላል? ጽሑፉ የተረገመው ከነዓን እንደሆነ በግልጥ ይናገራል። ዳሩ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ አንዳንድ ማብራሪያዎች፣ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን የካይልና የዴሊች ተከታታይ ማብራሪያ ጨምሮ፣ የአፍሪካውያንን ባርነት ከዚህ እርግማን ጋር ያያይዛሉ። ይህ የዘመኑ ጭፍን አመለካከት እንጂ የቃሉ ፍቺ አይደለም። አፍሪካዊ ተማሪ ይህን አንቀጽ ያለ አንዳች ማሳሰቢያ በኮሌጁ ማጣቀሻ ክፍል ካገኘው፣ ኮሌጁ አብሮ እንደተናገረው ነው የሚቆጠረው።

አራተኛ፣ ስለ እኛ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ተብለው የተመዘገቡት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 10 ያህል ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ 18 ተኩል በላይ ሆኑ። የዴቪድ ባሬት የዓለም ክርስትና ኢንሳይክሎፒዲያ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. የ1982 ነው። ለዘመኑ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ስለ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ የሚጽፍ ተማሪ አኀዙን ከዚያ ቢወስድ፣ የሚገልጸው ወላጆቹ የኖሩባትን ቤተ ክርስቲያን ነው።

በእነዚህ መለኪያዎች፣ አቅሙ ውስን ለሆነ ኮሌጅ ከትልልቆቹ ስብስቦች በፊት ሁለት ባለ አንድ ቅጽ መጻሕፍት ይቀድማሉ። አንዱ የአዲሱ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት (ኒው ባይብል ዲክሽነሪ) ሦስተኛ እትም (1996) ነው፤ በወንጌላውያን ምሁራን የተዘጋጀ፣ መጠነኛና የሚታመን ነው። ሌላው በቶኩንቦህ አዴዬሞ አዘጋጅነት በ2006 የወጣው፣ 70 አፍሪካውያን ምሁራን የተሳተፉበት የአፍሪካ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ነው። ይህኛው ለእያንዳንዱ ጥቅስ ጥልቅ ትንተና አይሰጥም፤ በዚህ ረገድ ብቻውን አይበቃም። ስለ ጥንቆላ፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ስደተኞች የያዛቸው አጫጭር ጽሑፎች ግን መጋቢ በየሳምንቱ የሚገጥሙትን ጥያቄዎች ይነካሉ።

የጎደለው የአገር ቤት መደርደሪያ

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጉድለት ከሩቅ የሚመጣው ሳይሆን ከቅርብ ያለው ነው። ከእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ብዙ ያለው ኮሌጅ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ወይም የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ላይኖረው ይችላል። «ጽድቅ»፣ «ምሕረት»፣ «ቤዛ»፣ «ሥርየት» የምንላቸው ቃላት ከግእዝ የወረስናቸው ናቸው፤ ምእመኑ ሲሰማቸው በልቡ የሚያስተጋባው የግሪኩ ሥር ሳይሆን ይህ ውርስ ነው። የግሪኩን ቃል ፈልጎ የአማርኛውን ያልመረመረ ሰባኪ የመንገዱን ግማሽ ብቻ ሄዷል። የእነዚህ መዛግብተ ቃላት ዕድሜም አያስነሣቸውም፤ የቋንቋው ምስክሮች ናቸው። በእንግሊዝኛ ለሚሠሩም የሌስላው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት (1987) አለ።

ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ሃይማኖት ዛሬ ዋናው ማጣቀሻ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ነው፤ አምስት ቅጾቹ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 ወጥተዋል። ዋጋው ለአነስተኛ ኮሌጅ ከባድ ነው፤ ሁለት ሦስት ኮሌጆች በጋራ ሊገዙት ግን ይችላሉ። በነጻ የሚገኘው የአፍሪካ ክርስቲያኖች የሕይወት ታሪክ መዝገብ ደግሞ በ1995 ተጀምሮ በበይነ መረብ የሚሰራጭ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብንና ጉዲና ቱምሳን የመሳሰሉ አባቶች ታሪክ በውስጡ አለ፤ ከየአገሩ ካሉ ኮሌጆችና ተመራማሪዎችም ጽሑፍ ይቀበላል። ይህ ቤተ መጻሕፍቶቻችንን ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት የሚጠራ በር ነው። በየአጥቢያው በስደት ዘመን ያገለገሉ ሽማግሌዎች ታሪክ፣ የተመራቂዎች የጥናት ወረቀቶች ማውጫ፣ የአብያተ ክርስቲያናት የምሥረታ ሰነዶች በየትኛውም የመጽሐፍ መደብር አይሸጡም። ኮሌጁ ካልሰበሰባቸው ማንም አይሰበስባቸውም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ከምንም አሮጌው ይሻላል። ለምስክሮቹ መጻሕፍት ይህ እውነት ነው፤ ለመሣሪያ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ባዶ ቦታ ተማሪውን ወደ መምህሩ ይልከዋል፤ የተሳሳተ መልስ ግን ፍለጋውን ያስቆመዋል። ደግሞም አሮጌዎቹ የባለቤትነት መብታቸው ስላበቃ በብዙ ነጻ የመጽሐፍ ቅዱስ የስልክ መተግበሪያዎች ውስጥ አሉ። ስትሮንግ፣ ቴየር፣ ኢስተንና የ1915ቱ ኢንሳይክሎፒዲያ በተማሪው ኪስ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ድርሻ እነዚህን በወረቀት መድገም ሳይሆን፣ ስልኩ በነጻ የማይሰጠውን ማኖር ነው።

ሁለተኛው የእምነት ስጋት ነው፦ አዳዲሶቹ ማጣቀሻዎች የለዘብተኛ ምሁራንን አስተሳሰብ ያስገቡብናል። ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። በ1992 የወጣው ባለ ስድስት ቅጽ የአንከር የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት ልዩ ልዩ አቋም ያላቸው ጸሓፊዎች የተሳተፉበት ነው፤ አንዳንዱ አንቀጽ ወንጌላዊ አንባቢ ሊቀበለው የማይችለውን ድምዳሜ ይዟል። ይሁን እንጂ አሮጌ መሆን የትምህርት ጥራት ዋስትና አይሆንም፤ በዘፍጥረት 9 ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። በአንከር መዝገበ ቃላት የአንቀጹ ጸሓፊ ስም ከሥሩ አለ፤ ተማሪው ማን እንደጻፈው አውቆ መሞገት ይችላል። መምህሩ አንድን ርእስ ከአንከርና ከወንጌላውያኑ መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ቢያስነብብ፣ ተማሪው ማጣቀሻም ሊመዘን እንደሚገባው ይማራል። ከመጋረድ ይልቅ ይህ ለአገልግሎት ያዘጋጀዋል።

ከየት ይጀመር?

ሥራው ከግዢ አይጀምርም። አንድ የብሉይ ኪዳን መምህር፣ አንድ የአዲስ ኪዳን መምህር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያና በአገልግሎት ላይ ያለ አንድ መጋቢ ተሰብስበው አራቱን ጥያቄዎች ይዘው መደርደሪያውን ይፈትሹ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ከሦስቱ በአንዱ ይመደብ፦ ባለበት የሚቀመጥ፣ ወደ ጠቅላላው ክፍል እንደ ታሪክ ምስክር የሚዛወር፣ ወይም የሚወገድ። ካይልና ዴሊች ይዛወራሉ እንጂ አይጣሉም፤ የዕብራይስጥ ሰዋስው ምልከታቸው ዛሬም ይጠቅማል። ሦስተኛው ቅጂ የኢስተን ግን ሊሰናበት ይችላል።

ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ወጪ የሌለው አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል፦ ከሽፋኑ በስተ ውስጥ አጭር ማሳሰቢያ መለጠፍ። የመጀመሪያው እትም መቼ እንደወጣ፣ የትኞቹን ግኝቶች እንደማያውቅ፣ በየትኛው ጉዳይ መታመን እንደሌለበት፣ በምትኩ ምን ማየት እንደሚገባ አራት መስመር ይበቃዋል። ቀጥሎ የግዢ ቅደም ተከተል ይውጣ፤ በእኛ ግምት አንድ ወቅታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት፣ የግሪክኛና የዕብራይስጥ መዛግብተ ቃላት፣ የአፍሪካ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ፣ የግእዝና የአማርኛ መዛግብተ ቃላት ከማንኛውም ባለ ብዙ ቅጽ ስብስብ ይቀድማሉ። ይህ ዝርዝር ለለጋሾችም ይሰጥ። ምን እንደሚያስፈልግ በአክብሮት መናገር ምስጋና ቢስነት አይደለም፤ በበጎ ልብ የሚሰጥ ሰው ስጦታው እንዲጠቅም ይፈልጋልና።

ማጠቃለያ

ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ፣ የመሄጃው ጊዜ እንደደረሰ እያወቀ፣ ካባውን ብቻ ሳይሆን መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ለምኗል (2ጢሞ 4፥13)። «ይልቁንም» የሚለው ቃል ምርጫ አለበት፤ ሐዋርያው የትኞቹ እንደሚያስፈልጉት ያውቅ ነበር። ኮሌጆቻችንም መጻሕፍት በመቀበል ብዙ ዓመት አሳልፈዋል፤ አሁን የመምረጥ ጊዜ ነው። ምረቃ ሲመጣ ተማሪው መደርደሪያውን ትቶ ይሄዳል፤ ከመደርደሪያው የለመደውን የመጠየቅና የመመዘን ልማድ ግን ይዞት ወደ ገጠር አጥቢያ ይወርዳል። በዚያ ያለው ምእመን የሰባኪውን ማጣቀሻ የሚመረምርበት መንገድ የለውም። በእርሱ ፋንታ አስቀድሞ መመርመር የእኛ ዕዳ ነው።